የሣራ ቅዳሜዎች

ሣራ አርባ ምንጭ ውስጥ ነርስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጨንቻ ትወጣና ያበጠ እግር ያላቸውን ሰዎች እግራቸውን እያጠበች በነጻ ታክማለች። ልጇን ዕድላዊትን ለልጃቸው ለአጵሎስ ሊጠይቁ የመጡት ወይዘሮ አስናቀች ይህን ሰምተዋል። የእግር እብጠት በዘር ይወርዳል ብለው ስለሚያምኑ፣ ገና ሲቀመጡ ዓይናቸው የልጅቷ ቁርጭምጭሚት ላይ አረፈ።

«ለባዳ እንዲህ አይለፋም» አሉ። «ሣራዬ፣ ከእነዚያ ውስጥ ዘመድ አለሽ እንዴ?»

ዕድላዊት እናቷን አየች። ሣራ «የለኝም» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«አጎቴ አለ» አለች። «ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲቆፍር ነው ያበጠው። ጫማ ያደረጉት ወንድሞቹ ደህና ናቸው። ነገሩ ከአፈሩ ነው።»

«አንቺማ ምን ልትይ። ልጅ ልትድሪ ነው።»

«እኔን አይመኑ። ቅዳሜ አብረን እንውጣና ታማሚዎቹን ራሳቸውን ይጠይቋቸው። ታዲያ እዚያ ቆሞ ማየት የለም፤ የመጣ ሁሉ ያጥባል።»

ወይዘሮ አስናቀች የዕድላዊትን ቁርጭምጭሚት እንደገና አዩ። ጥርጣሬው አልለቀቃቸውም። አጵሎስ ግን ከዕድላዊት ሌላ አላገባም ብሏቸዋል።

«ጓንት አለ?» አሉ በመጨረሻ።