ለመርማሪዋ ጫማ ሲባል

ካምፑ ሲዘጋ ወታደሩ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ ለማስረከብ የቀረው ሃምሳ አለቃው ብቻ ነበር። ወታደሮቹ ከኋላው «ኖራው» ይሉት ነበር። ጎብኚ ሊመጣ ነው ከተባለ ድንጋዩን፣ የዛፉን ግንድ፣ ያገኘውን ሁሉ ኖራ ይቀባል። አንዴማ ጥላ ሥር የተኛች ፍየል ለጥቂት ነው ያመለጠችው።

አሁን የመጣበት ነገር ግን በኖራ የሚሸፈን አልሆነም። ቦታው ላይ መዋለ ሕፃናት ሊሠራ ነው። የአፈር መርማሪዋ፣ መኪኖች ዘይት ሲቀይሩበት የኖረው ሜዳ ሕፃን ቢንከባለልበት የማይጎዳ እስኪሆን ድረስ ርክክብ የለም ብላ ቁርጡን ነገረችው። ርክክብ ከሌለ ደግሞ ወደ ቤት መሄድ የለም። የአንዲት ልጁ ሠርግ ደርሷል። ሚስቱ፣ ካልመጣ ልጅቷን ብቻዋን ድራ ፎቶውን እንደምትልክለት በስልክ አስታውቃዋለች።

ሃምሳ አለቃው ወገቡን ታጥቆ ቆፈረ። ዘይት የጠጣውን ጥቁር አፈር በመኪና ወደ ቆሻሻ ማስወገጃ ላከ፤ ከሥሩ ንጹሕ ቀይ አፈር ወጣ። መርማሪዋ ይህን ስትሰማ ጎበዝ አለችው፤ ነገ መጥታ የአፈሩን ንጽሕና ለክታ እንደምትፈርምም ነገረችው። እዚህ ላይ አርፎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

ጠዋት ነፋስ ተነሳና ሜዳውን አቧራ በአቧራ አደረገው። የተከበረች እንግዳ ጫማዋ አቧራ ሊለብስ? ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ሲያደርገው እንደኖረው፣ ከመጋዘን ጥግ የተረፈ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አወጣና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ረጨው። አቧራው ጸጥ አለ። እሱም ደስ ብሎት ይጠብቃት ጀመር።

መርማሪዋ ከመኪና ስትወርድ አፍንጫዋን ያዘች። መለካት እንኳ አላስፈለጋትም።

«ምንድን ነው ያደረጉት?»

«አቧራው እንዳያስቸግርሽ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለ። ወዲያው ገባውና ዕንባው መጣ።

ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ፣ እንደገና እንዲቆፍር፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንም ነገር እንዳያደርግ አዘዘችው። መቆፈሩስ ይሁን፤ ምንም አለማድረግን ማን አስተምሮት? ለሚስቱ ደውሎ ጉዱን ነገራት። የሠርጉን ሽር ጉድ ጥላ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች።

መርማሪዋ ስትመለስ ሜዳው እንደገና ተቆፍሮ ጎርባጣ ሆኗል፤ አቧራው ይቦናል። ሚስትየው ዳር ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣለች፤ መጥረጊያው፣ የኖራው ባልዲና የመጋዘኑ ቁልፍ እግሯ ሥር ናቸው። ሃምሳ አለቃው እጁን አጣምሮ አጠገቧ ቆሟል።

መርማሪዋ ለካች፤ ንጹሕ ነው። ጫማዋ አፈር እንደለበሰ ፈረመችለት።

ባልና ሚስቱ በአውቶቡስ ወደ ቤት ተሳፈሩ። መንገድ ላይ አላስችል አለው።

«ሠርጉ የሚደረግበት ግቢ አቧራ አለው?»

«አለው» አለች ሚስቱ። «አንተም አርፈህ ትቀመጥበታለህ።»