ቀኝ እጅ፣ አንድ፣ ያገለገለ

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የደጋና ቆላ አየር መንገድ አስተዳደር የልጄን ቀኝ እጅ ወሰደ። ከአንጓው ላይ ወደ ግራ ሦስት ጊዜ አዞሩት፣ ወጣ። ደም አልነበረም። ደረሰኝ ሰጧት። ደረሰኙ ላይ «ቀኝ እጅ፣ አንድ፣ ያገለገለ» ይላል፤ ማኅተም አለው፤ ቀኑም በትክክል ተጽፏል።

ልጄ ማስተዋል ትባላለች፤ ካፒቴን ናት። ሃምሳ ሰው የሚጭን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ታበራለች። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የማያርፉባቸው ከተሞች እየወሰደች ታደርሳለች። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ስለ አውሮፕላን የማውቀውን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። የተሳሳትኩት ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እጇ የተወሰደው ስለፈረመ ነው። አርባ አንድ ካፒቴኖችና ረዳት አብራሪዎች ማኅበር እናቋቁም ብለው አንድ ወረቀት ላይ ስማቸውን አስፍረው ነበር። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከአንዱ ቀን ሥራ እስከ ሌላው አሥር ሰዓት እረፍት ይሰጠን የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ካፒቴን «ይህ አውሮፕላን ዛሬ አይነሳም» ካለ አይነሳም፣ ለምን ተብሎም አይጠራ የሚል ነው። አስተዳደሩ ወረቀቱን አንብቦ በሰዎቹ ላይ ምንም ቂም እንደሌለው በማስታወቂያ ገለጸ። ጥፋቱን የሠራው እጁ ስለሆነ፣ ምርመራው እስኪያልቅ የሚታገደው እጁ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሥራውን ይቀጥላል።

«ያምሻል?» አልኳት ቤት ስትገባ።

«አያምም፣ እማ። ይበርደዋል ብቻ።»

«ነገስ?»

«ነገ ሁለት ምልልስ አለኝ።»

የዩኒፎርሟን እጅጌ አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላት። ከዚያ እራቷን አጎረስኳት።

«አፍሽን ክፈቺ፣ ካፒቴን።»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ይሄ እኮ ሻንጣ ነው» አለች አፏ ሞልቶ። ሳቅን። ግራ እጇ ግን ቀኝ በነበረበት በኩል ጠረጴዛውን ይዳብስ ነበር።

በማግስቱ ማታ ካፒቴን መንክር ሙዝ ይዘው ሊጠይቋት መጡ። የአብራሪዎቹ ሁሉ አለቃ ናቸው፤ ማስተዋልንም በዚያ አውሮፕላን ያሠለጠኗት እሳቸው ናቸው። አልፈረሙም።

«ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ይህችን ልጅ ይምከሯት እንጂ» አሉ። «ማኅበር ለትልቅ አየር መንገድ ነው። እኛ ያለን አምስት አውሮፕላን ነው። ከአስተዳደር ጋር ተናንቀን የት እንደርሳለን? ነገ ቢዘጋስ?»

«እርስዎ አንድም ቀን አልፈረሙም?»

«ሃያ ሰባት ዓመት በርሬአለሁ፤ ከበረራ ደብተሬ በቀር ፊርማዬ የትም የለም።» ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ንጹሕ እጆች ናቸው፤ በቀኙ ላይ ወፍራም የጋብቻ ቀለበት አለ።

«ጋሼ» አለች ማስተዋል፣ «ባለፈው ነሐሴ፣ ስድስተኛው በረራ ላይ፣ እንቅልፍ ሲወስድዎት የቀሰቀሰዎት ማን ነበር?»

«አንቺ ነሽ።»

«በየትኛው እጄ?»

ካፒቴን መንክር ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የአየር መንገዱ ሥራ ተሻሻለ። ይህን መሸሸግ አይገባኝም። ምክንያቱን ማስተዋል እንዲህ አስረዳችኝ። ካፒቴን የሚቀመጠው በግራ ወንበር ነው። አውሮፕላኑ ለመነሳት ሲንደረደር የካፒቴኑ ቀኝ እጅ የሞተሩ ማንሻ ላይ ይሆናል። አንድ ነገር ከተበላሸ ማንሻውን ወደ ኋላ ስቦ ያቆመዋል። ማቆም የካፒቴኑ ሥልጣን ነው፤ ረዳቱ አይነካም። ከተወሰነ ፍጥነት በኋላ ግን መንገዱ ስለማይበቃ መቆም የለም፤ ስለዚህ ካፒቴኑ እጁን ከማንሻው ላይ ያነሳል፣ ከዚያ መብረር ብቻ ነው።

አሁን የፈረሙት ካፒቴኖች ማንሻው ላይ የሚያሳርፉት እጅ የላቸውም። እጅ ከሌለ የሚያቆም የለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት አሥራ አንድ በረራዎች መንደርደሪያው ላይ ቆመው ተመልሰዋል። በእነዚህኞቹ አንድም አልተመለሰም። አስተዳደሩ ኤርፖርቱ በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ሰቀለ። «መቶ በመቶ በሰዓቱ!» ይላል። ከሥሩ የአንዲት ፈገግ ያለች አስተናጋጅ ፎቶግራፍ አለ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ማስተዋል አርባ ስድስት መንገደኞች ይዛ ስትንደረደር የግራው ሞተር ቀይ መብራት በራ። መቆም የሚቻልበት ፍጥነት ላይ ነበረች። ክንዷን ወደ ማንሻው ሰደደች፤ ክንዷ በማንሻው ላይ አለፈ። አውሮፕላኑ በአንድ ሞተር ተነሳ። ከተማውን አንድ ጊዜ ዞራ በሃያኛው ደቂቃ መልሳ አሳረፈችው። መንገደኞቹ አጨበጨቡ። አስተዳደሩ በረራው በሰዓቱ ተነስቶ ከሰዓቱ ቀድሞ አረፈ ብሎ መዘገበው። ያረፈው የተነሳበት ቦታ ነው።

ያን ቀን ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«እማ፣ እጄን ላክሁት» አለችኝ። «አልደረሰም።»

ዓርብ ጠዋት ኪዳን አድርሼ በቀጥታ ወደ አስተዳደሩ ሕንፃ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጉዳይዎ?»

«እጅ ነው።»

«የማን?»

«የልጄ።»

«ይቀመጡ።»

ዓርብን ተቀመጥኩ። ሰኞንና ማክሰኞን ተቀመጥኩ። ውዳሴ ማርያሜን ይዤ ስለነበር ጊዜው አልከበደኝም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ልዑልሰገድ አስገባኝ። ዕድሜው ከማስተዋል አይበልጥም። ሻይ ላምጣልዎት አለኝ፤ ጾም ነው አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ክፉ ልጅ አይደለም።

«እማማ፣ እኔም ይህን ጉዳይ ዛሬ መዝጋት እፈልጋለሁ» አለ። «እስከ አሥር ሰዓት ያልተመለሰ እጅ ይወገዳል።»

«ይወገዳል ማለት?»

«የንብረት አወጋገድ ኮሚቴ አለን። አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ።»

«ታዲያ ልውሰደው። ደረሰኙን ይዣለሁ።»

«ደረሰኝ ብቻ አይበቃም። ከማኅበሩ ወጥቻለሁ የሚል ቅጽ መፈረም አለበት፤ የሚፈርመውም ያው እጅ ነው። በሌላ እጅ የተፈረመ ሕጋዊ አይሆንም።»

«ታዲያ ምን አስቸገረ?»

ከመሳቢያ አንድ ክምር ወረቀት አውጥቶ አንድ በአንድ አሳየኝ። ለእያንዳንዱ እጅ እስክሪብቶ አስይዘው ቅጹን ሰጥተውት ነበር። ሁሉም ጽፏል። ግን በፊርማው ቦታ ላይ አንዱም ስሙን አልጻፈም። «አሥር ሰዓት እረፍት» ብለው ነበር የጻፉት፤ አርባ አንዱም። የማስተዋልን ጽሕፈት ወዲያው አወቅሁት። ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

«እርስዎ እናት ነዎት» አለ አቶ ልዑልሰገድ። «ጽሕፈት ያስያዙት እርስዎ ነዎት። ቢለምኑት ይሰማዎታል። ካፒቴን ማስተዋል ዛሬውኑ ሙሉ ሰው ሆና ትገባለች። አንዱ ከፈረመ ሌሎቹም ይከተላሉ፤ እኛም ቀጣዩን ዓመት በሰላም እንጀምራለን።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ?»

«ይጠይቁ።»

«አንተ በእነዚህ አውሮፕላኖች ትሄዳለህ?»

«እኔ?» አለ። «እኔ በመኪና ነው የምሄደው።»

ከግድግዳው አጠገብ አረንጓዴ የብረት ፋይል ማስቀመጫ ቆሟል። ሦስተኛውን መሳቢያ ሳበው። እጆቹ እዚያ ነበሩ። መጀመሪያ በፊደል ተራ፣ እያንዳንዱ በየፖስታው ነበር የተቀመጡት፤ ፖስታዎቹ አሁን ባዶ ናቸው። እጆቹ ተያይዘዋል። አንዱ የሌላውን አንጓ፣ ያኛው ደግሞ የቀጣዩን ጨብጦ፣ እስከ መሳቢያው መጨረሻ ድረስ።

«ለየብቻ ነበር ያስቀመጥናቸው» አለ አቶ ልዑልሰገድ።

የማስተዋል ሰባተኛው ነው። በዘጠኝ ዓመቷ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ስትከፍት ቆርጧት የቀረው ጠባሳ አውራ ጣቷ ላይ አለ። ነካሁት። ሞቃት ነው። በአውራ ጣቱ ጣቴን ጫን አደረገኝ፤ የጎረቤቱን አንጓ ግን አልለቀቀም።

«ይበሉ» አለኝ።

«ምን ልበለው?»

«ልቀቅ ይበሉት።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥር ሩብ ጉዳይ ይላል። አሰብኩ። ልቀቅ ካልኩት ልጄ ነገ ማንሻው ላይ የምታሳርፈው እጅ ይኖራታል፤ እሷ የምታበረው አውሮፕላን መቆም ሲገባው ይቆማል። ሌሎቹ አራቱ አይቆሙም። በእነዚያም የሰው ልጆች ይሳፈራሉ። ደግሞም እጁ የሚፈርመው ውሸት ነው፤ በውሸት የተመለሰ እጅ ነገ «ይህ አውሮፕላን አይነሳም» ቢል ማን ያምነዋል? ባልለው ደግሞ ከሩብ ሰዓት በኋላ ኮሚቴው ይመጣል፤ ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ እጅጌዋን በመርፌ ቁልፍ ይዛ ትኖራለች። እጅጌውን የማጥፈው እኔ ነኝ።

በልቤ እመቤቴን ጠራሁ። ከዚያ ጎንበስ አልኩ።

«አትልቀቅ» አልኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም።

አቶ ልዑልሰገድ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለ። «እንግዲያው በግድ እናወጣዋለን» ብሎ የመጀመሪያውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳበ። እጁ መጣ። ሁለተኛው ተከተለ። ሰንሰለቱ ከመሳቢያው እየወጣ ምንጣፉ ላይ ሲወርድ ይቆጥር ጀመር። የማስተዋል ሰባተኛ ሆኖ አለፈ። ሠላሳ። አርባ። አርባ አንድ።

አርባ ሁለተኛው ወጣ። ጥፍሩ ሥር የሞተር ዘይት አለ። የፓይለት እጅ አይደለም።

«ይሄ የማን ነው?» አለ።

«ከናንተ መሳቢያ ነው የወጣው» አልኩት።

አርባ ሦስተኛው ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባ ነው። ቀጥሎ ሻንጣ ሲሸከሙ የሚያወጡት ዓይነት ጠንካራ መዳፍ መጣ። ከዚያ ወፍራም ቀለበት ያጠለቀ እጅ መጣ። በሩ ላይ ካፒቴን መንክር ቆመው ነበር። ቀለበቱን አዩ፣ ከዚያ የራሳቸውን ባዶ እጅጌ አዩ።

«እኔ እኮ አልፈረምኩም» አሉ።

 ከበሩ ገለል አሉ።

ሰንሰለቱ ከዚህ በኋላ ያለ ሳቢ ይሄድ ነበር። ኮሪደሩን ይዞ ወጣ። ጸሐፊዋ ወንበሯን ስባ መንገድ ሰጠችው። በደረጃው ወረደ፤ እኔም የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ከጎኑ ወረድኩ። የንብረት አወጋገድ ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከነካርቶናቸው ቆመው ነበር። ካርቶኑን አዩት፣ ሰንሰለቱን አዩት፣ ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ።

ውጭ፣ አውሮፕላን ማቆሚያው ላይ፣ ማስተዋልና ሌሎቹ አብራሪዎች ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ማንም አልጠራቸውም። ሰንሰለቱ በፊታቸው አለፈ።

«እማ፣ ያ የእኔ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ደህና ነው?»

«ሞቃት ነው። ልቀቅ እንድለው ጠይቀውኝ ነበር።»

«አልሽው?»

«አላልኩትም፣ ልጄ።»

ራሷን ነቀነቀች። እጇ በአንድ እርምጃ ርቀት አልፏት ሲሄድ አየችው። ብትጎነበስ ትደርስበት ነበር። አልጎነበሰችም፤ ወደ ጎን ሸሽታ መንገዱን ለቀቀችለት።

አሥር ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው እጅ መንደርደሪያው ላይ ደረሰ። ሰንሰለቱ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠው፣ ታጠፈ፣ ተመልሶ ሁለተኛ ጊዜ አቋረጠው። የአሥር ሰዓቱ በረራ ሞተሩን አስነስቶ ነበር፤ አጠፋው። ሰሌዳው የተሰቀለበት በር አካባቢ የነበሩ መንገደኞች ሻንጣቸው ላይ ተቀመጡ። አንድም ሰው አልጮኸም።

በማስተዋል ግራ እጅ ላይ ያለው ሬዲዮ አቃሰተ። የመቆጣጠሪያ ማማው ነበር።

«ካፒቴን፣ መንደርደሪያው ላይ ምን ይታይሻል?»

«እጆች።»

«ስንት ናቸው?»

«ገና እየወጡ ነው።»

«ስንት ቀርተዋል?»

ማስተዋል ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ሕንፃው ዞርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ሰንሰለቱ ደረጃውን ትቶ በመስኮቱ በኩል ግድግዳውን ይዞ ይወርድ ነበር። አቶ ልዑልሰገድ መስኮቱ ላይ ቆሟል። የሸሚዙ ሁለት እጅጌዎች ባዶ ነበሩ፤ ነፋሱ ነፍቷቸው ሁለቱም ወደ መንደርደሪያው ተዘርግተዋል።