ቀድሞ የተሰካው ገመድ

አባዬ ለሐጅ ሊሄድ ቀኑ ደርሷል፤ በርበሬ በረንዳ ያለውን የሱቃችንን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ ግን አልተናገረም። ታላቄ ፉርቃን የበኩር ልጅ ነው። እኔ ጠሂራ ሁለተኛ ነኝ፤ ሱቁን እንደ እኔ የሚፈልገው ግን የለም። ፉርቃን እንኳን ሚጥሚጣ ከበርበሬ ሊለይ፣ ማስነጠሱንም አላቆመ።

"የቀደመ ቀደመ፣ የአላህ ሥራ ነው" ይላል አባዬ። ያናድደኛል። ሁለት ዓመት ዘግይቼ ብወለድ ወንጀል ነው እንዴ?

ስለዚህ ሥራዬን ላሳየው ብዬ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንኩበትን አሮጌ ኮምፒውተር ሱቅ አስገባሁ። ከኮምፒውተሩ አንድ መረጃ አመላላሽ ሲሪያል ገመድ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሚዛኑ፣ መንታው ደግሞ ወደ ፕሪንተሩ ይሄዳል። ጆንያ ሲመዘን ኮምፒውተሩ ክብደቱን ከሚዛኑ ይጠይቃል፣ ፕሪንተሩ ጆንያው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ያወጣል። አባዬ እሳት ስለሚፈራ ማታ ሁሉንም ይነቅላል፤ ጠዋት ቢስሚላህ ብሎ መልሶ ይሰካል። ሁሌም ሚዛኑን ያስቀድማል፤ "እንጀራችን በሱ ነው፣ ይቅደም" ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ሆነ። ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራልኝ እግሬ መሬት አልነካ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ግን ሱቁን ከእኛ ቀድሞ ፉርቃን ከፈተው። እኛ ሰፈር የማለዳውን የመጀመሪያ ደንበኛ ባዶ እጁን የመለሰ ቀኑ አይቀናውም ይባላል። የዚያ ቀኗ ደግሞ ከራጉኤል በኩል የሚመጡት እትዬ በለጥሻቸው ናቸው፤ ምላሳቸው ከበርበሬያችን ይብሳል።

ጆንያቸው ሚዛን ላይ ወጣ። ፕሪንተሩ አንድ ደብልዩ ጻፈ። ሌላ ደብልዩ ጨመረ። ከዚያ ማን ያስቁመው፤ ወረቀቱ ወለሉን አለበሰው። ፉርቃን "አትም" የሚለውን በተጫነ ቁጥር ደግሞ ሚዛኑ ጢጥ ይልና አርባ ኪሎው ዜሮ ይሆናል።

"ምነው ልጄ፣ በርበሬዬ እያየሁት ከሳ እኮ" አሉ እትዬ በለጥሻቸው።

አባዬ እጁን ቁልፉ ያለበት ኪሱ ውስጥ ከተተ። "ይሄን ነገር ዛሬውኑ ምናለሽ ተራ ወስደሽ ጣይልኝ" አለኝና ፉርቃንን አየው።

"እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሱኝ" አልኩ። ሌላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ትዕይንቱን ያዩ ጀመር። ወደ ፉርቃን ዞርኩ። "የቱን አስቀድመህ ሰካህ?"

"የፕሪንተሩን። ለእጄ ቀረበኝ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ከርነሉ፣ ማለት ከዕቃ ጋር የሚነጋገረው የሊኑክስ እምብርት፣ ገመድ ሲሰካ የሚያናግርለትን ድራይቨር ይመድብለታል፤ ከዚያ በአመጣጡ ተራ ዜሮ፣ አንድ እያለ ቁጥር ይሰጠዋል። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ዜሮ ሁሉ ሚዛን ይመስለዋል። ደብልዩዋ "ክብደት ንገረኝ" ማለት ናት፤ ፕሪንተር ምን ያውቃል፣ የደረሰውን ይጽፋል። ለፕሪንተሩ የታሰበው ጽሑፍ ሚዛኑ ጋ ሄደ፤ ሚዛኑም አንዷን ፊደል "ወደ ዜሮ ተመለስ" ብሎ ተረዳት።

"ገመዶቹ እኮ መንታ ናቸው፣ በምን ይለያቸዋል?" አለ አባዬ።

"ሆዳቸው ውስጥ የየራሳቸው የፋብሪካ ቁጥር አለ፣ አባዬ።" ለኮምፒውተሩ ሁለት መስመር ደንብ ጻፍኩለት፤ ይህ ቁጥር ያለው መቼም ይምጣ ስሙ ሚዛን ነው፣ ያኛው ፕሪንተር ነው። ፕሮግራሙም ዜሮን ትቶ ሚዛንን በስሙ እንዲጠራ አደረግሁ። "በል አባዬ፣ ነቅለህ እንደፈለግህ ሰካ" አልኩት።

አባዬ ተንኮለኛ ነው፣ ፕሪንተሩን አስቀደመ። ጆንያው ተመልሶ ወጣ። አርባ ኪሎ አለ። አንዲት ወረቀት ብቻ ወጣች። እትዬ በለጥሻቸው እልልታቸውን አቀለጡት፤ እኔ ፉርቃንን አንቄ እዘላለሁ፣ እሱ ያስነጥሳል። አባዬ ነቀለ፣ ሚዛኑን አስቀድሞ ሰካ፤ ሠራ። ደግሞ ነቀለ። ልጅ ሆነ በቃ።

"ማንም ቢቀድም አይደናገርም?" አለኝ።

"ማን እንደሆነ ካወቀ፣ መች እንደመጣ ምን ያደርግለታል?"

ወላሂ ስለ ገመዱ ነው የተናገርኩት። አባዬ ግን ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ፉርቃንን አየው። ፉርቃን አፍንጫውን እንደያዘ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ፤ ፊቱ ከእስር እንደተፈታ ሰው በደስታ በራ።

"ማታ ማታ መንቀሉን እንዳትረሺ" አለኝ አባዬ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ።