መቶ ሃያ ጊዜ «የለም»

አንባቢ ሆይ፣ ከመቶ ሃያ ቤት አንድም ቁማርተኛ አልተገኘም ቢሉህ ታምናለህ? ዶክተር ወንዳወቅ አምኗል። አምኖ ጽፏል፤ የጻፈውም ታትሞለታል።

ዛሬ ሰቆጣ አዳራሽ ውስጥ፣ ስለ ውርርድ ቤት ፈቃድ በተጠራ ስብሰባ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የገዛ ጽሑፉን ከባለ ቤቲንግ ቤቱ ከኪዳኑ አፍ ይሰማል። ኪዳኑ ሁለተኛ ውርርድ ቤት ሊከፍት ነው፤ ያውም ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር። «እኔ አይደለሁም የምለው፤ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው የጻፈው» ይላል፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ። «በዚህ አገር የውርርድ ሱስ የለም።»

ወንዳወቅ ደክሞታል። ድካሙ የመንገድ አይደለም፤ ከትናንት የመጣ ነው።

ትናንት ለሁለተኛ ዙር ጥናት ጋዝጊብላ ወጥቶ ነበር። መጀመሪያ የገባው፣ ከሁለት ዓመት በፊት «የለም» ካሉት መቶ ሃያ ሰዎች አንዷ ወደሆኑት ወደ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ቤት ነው። ያን ጊዜ ሊቀ መንበሩ መንግሥቴ አገሩን ሁሉ ሜዳ ላይ ሰብስቦለት፣ ወንዳወቅ አንድ በአንድ እያስቆመ «በቤትህ ቁማርተኛ አለ?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

«እኛ እኮ አውጫጭኝ መስሎን ነው፣ ልጄ» አሉት።

ወንዳወቅ የዋግ ልጅ ነው። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ አገር ተሰብስቦ የሚመረመርበትን ይህን ሥርዓት ከአባቱ አፍ ሰምቶ አድጓል።

«መንግሥቴ ሰው ሰብስቦ፣ አንተ ወረቀት ይዘህ፣ ሽማግሌ አጠገብህ ቆሞ። የገዛ ልጁን ማን ይጠቁማል? እኔስ የጎረቤቴ የቅጣው በሬ የጠፋ መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ።»

«ጥያቄውን እኮ አነበብኩላችሁ፣ እናቴ።»

«አነበብህ። ፈረንጅኛ የሚመስል አማርኛ። "ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት" ስትል አጠገቤ የነበረውን ዘበነን እንቅልፍ ወሰደው።»

«ታዲያ በቤትዎ አለ?»

ሴትዮዋ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው አለቀ። «ልጄ ትእዛዙ አለ። እህቱ ዐረብ አገር የሰው ቤት እያጠበች ለበሬ መግዣ ብላ ብር ላከች። እሱ ቤቲንግ አስያዘው። የማናውቀው ነጭ ልጅ ኳስ ሳተ፤ እኛ ሳናርስ ቀረን። አሁን ሲነቃም ስልኩን፣ ሲተኛም ስልኩን ነው። ብር እምቢ ስለው ያለቅሳል፤ ጺም ያወጣ ሰው።»

«ጥናቴ ስሕተት ነው» አላቸው ወንዳወቅ፣ ነገ ሰቆጣ ስብሰባ እንዳለበት ነግሯቸው ሲወጣ፣ መሬት መሬት እያየ።

እንዲህ ያለውን ምሁር አገራችን በገፍ ታመርታለች። መጠየቂያውን ከባሕር ማዶ ያስመጣል፤ መልሱን ከሊቀ መንበር ይቀበላል፤ ሹመቱን ከዩኒቨርሲቲ ይጠብቃል። ወንዳወቅም የሚጠብቀው አለው። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረጉ በዚሁ ጽሑፍ ላይ ቆሟል፤ በሚቀጥለው ወር ይታያል። ጽሑፉን ከሻረ ማዕረጉ ይቀራል። ዝም ካለ ደግሞ ኪዳኑ ሰኞ ግንብ ያስጀምራል።

«ከኪዳኑ ሌላ የሚናገር አለ?» አለ ሰብሳቢው።

ወንዳወቅ እጁን አላነሣም። ለመጽሔቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ በቀስታ፣ ከማዕረጉ በኋላ፣ ብሎ አሰበ። ማሰቡ እንኳ አደከመው። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን ሊዘጋ ብዕሩን አነሣ።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ናቸው፤ ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ወርደዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው በወንበሮቹ መካከል ወደ ፊት መጡ።

«እናቴ፣ ተራ ይያዙ» አለ ሰብሳቢው።

«ተራዬ ነው። እኔ ለመናገር አልመጣሁም፤ እሱን ለመስማት ነው የመጣሁት።»

ኪዳኑ ሣቅ ብሎ፣ «ይህን ሊቅ ደግሞ እርስዎ ሊያርሙት ነው?» አላቸው።

ኪዳኑን አልፈው ወንዳወቅ ፊት ቆሙ። እሱ ቀና ማለት አቃተው።

«ዶክተር፣ ትናንት ደጃፌ ላይ ጥናቴ ስሕተት ነው አልኸኝ። ለእኔ ብቻ ማለትህ ምን ይረባኛል? ስሕተት ነው ወይስ አይደለም? ተነሣና ማይኩን ያዝ፤ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ መልስ።»