የመርዶ በረኛ

ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው። ዘመኑ እስራኤል ውስጥ፣ በፔታ ቲክቫ ከተማ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር፣ ከአትክልት ሱቁ በላይ ባለችው የመረዳጃ ማኅበሩ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብድግ ይላል። ሰንበት ሳይገባ የማኅበሩን ድረ ገጽ በር ማበጀት አለበት። የሐዘን ማስታወቂያ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው፤ የፔታ ቲክቫ ወገን ሁሉ፣ እናቱ ባይነሽም ጭምር፣ ሻማ ከማብራታቸው በፊት «ማን አለፈ?» ብለው የሚከፍቱት እሱን ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ሴት የልጇን ሞት አውቶቡስ ላይ ከስልኳ አነበበች። ማስታወቂያው ሽማግሌዎች መርዶውን እስኪያረዱ ድረስ መደበቅ ነበረበት። ድረ ገጹን የሠራው ዘመኑ ግን መደበቂያ አላበጀለትም። ምስኪኗ የሚደግፋት ዘመድ አጠገቧ ሳይኖር፣ ውረጂ የሚላትም ጠፍቶ፣ መጨረሻው ፌርማታ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ዘመኑ እንቅልፍ የለውም። አይኑረው፤ የእጁ ሥራ ነው!

አሁን ገጹ የሚኖርበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ጓዳ አስገብቶ ከፊቱ በረኛ እያቆመ ነው። በረኛው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እንግዳውን ደጅ ላይ ይቀበላል፣ መንገዱን በምስጢር ቁልፍ ይዘጋል፣ የተፈቀደውን ብቻ ከጓዳ አምጥቶ ያሳያል። ያልተነገረ መርዶ ግን ለቤተኛ ካልሆነ አያወጣም።

ስልኩ ጮኸ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አባ ይርሳው ናቸው።

«ዘመኑ፣ ተዘጋ?»

«ትንሽ ቀረኝ፣ አባ።»

«ጸሐፊያችን አምሳለች ዛሬ አንድ አዲስ መርዶ ጽፋለች። በሰንበት ለቅሶ የለምና እሑድ ጎህ ሲቀድ እናረዳለን። አንተ አዲሱን አትክፈተው፤ በአሮጌው ሞክር።»

«በሰደር፣ እሺ አባ።»

«እደግ፣ ልጄ።»

ድምፃቸው ለስልሷል። ሽማግሌው ሲደውሉ መቆጣት እንጂ መመረቅ ልማዳቸው አይደለም። ዘመኑ ደስ አላለውም፤ ግን ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሲጨርስ ከውጭ እንዳለ ሰው ሊሞክረው ወደ መንገዱ ወረደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ደረጃውን ሳይጨርስ በስልኩ የፊተኛውን ገጽ ከፈተው። የተነገረው ብቻ መውጣት ነበረበት። አዲሱም ወጣ፤ ከሁሉ በላይ፣ ከነፎቶው።

ውቤ። ጎንደር ላይ ወደ እስራኤል የመምጫ ተራውን ሲጠብቅ የኖረው ታላቅ ወንድሙ።

ዘመኑ ክው አለ። ያ ሁሉ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመክር የገጹን ቁልፍ ለሟቹ ወንድም እንደሰጠ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ እናቱ ትዝ አለችው። ሻማዋን ልታበራ ነው፤ ፔሌፎኗን አንስታ ገጹን ልትከፍት ነው።

ማልቀሱን ለኋላ ትቶ ደረጃውን ሽቅብ ሮጠ። መሰኪያውን ሊነቅለው ነበር፤ ግን ገጹ ከጠፋ ሰው ሁሉ «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ መደዋወሉ ነው፣ እናቱም ቀድማ። የጻፈውን እንደገና አነበበ። ስህተቱ የራሱ ነበር። አምሳለች እንዳትቸገር ብሎ ሰርቨሩን «ከቤት ውስጥ የመጣን የይለፍ ቃል አትጠይቅ» ብሎት ነበር። አሁን እንግዳው ሁሉ የሚመጣው በበረኛው በኩል ነው፣ በረኛው ደግሞ የሚኖረው ቤት ውስጥ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ አስከትሎት የገባን እንግዳ ማነህ የሚለው የለም፤ ሰርቨሩም እንደዚያው ሆነ። ዘመኑ ያቺን ትእዛዝ ሰረዛት። ከእንግዲህ አምሳለችም ብትሆን የይለፍ ቃል ታምጣ። በረኛውን ዘግቶ ከፈተው። ደግሞ ወረደ፣ ደግሞ በስልኩ አየ።

ውቤ የለም።

ስልኩ በእጁ ውስጥ ጮኸ። እናቱ ናት። አነሳው።

«እማ።»

«የኔ ጌታ፣ ለሰንበት ትመጣለህ አይደል? አታሩን፣ የማኅበሩን ገጽ፣ አሁን አየሁት፣ አዲስ ስም የለበትም። ተመስገን፣ በዚህ ሳምንት ማንም አልሞተብንም።»

«ተመስገን፣ እማ።»

«ውቤ ብቻ ዛሬ አልደወለልኝም። ሻባት ሻሎም ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። እስቲ አንተ ሞክርለት።»

«እሺ እማ፣ እሞክርለታለሁ» አለና ወደ እናቱ ቤት መንገዱን ያዘ።