ከታር ያረፈበት አርብ

አሰላ ውስጥ ልጄን ያሙ ሰዎች ዛሬ ሰላምታ ሲያበዙልኝ ደስ ይለኛል። አልዋሽም፣ በጣም ነው ደስ የሚለኝ።

ፈይሩዛ የቢሮ ሥራዋን ትታ፣ የከታር ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ የሚገባበትን አፍ መልሼ አለማለሁ ብላ ቆላ ስትወርድ፣ ገበያው ሁሉ «የሀጂ ሰኢድ ልጅ ተምራ ተምራ ጭቃ ልትዝቅ ሄደች» አለ። እናቷ ፋጡ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ተቆጣሁ፤ ቁጣ ለእኔ ብርቅ አይደለም። እሷ ግን የሁለታችንንም ጭንቅላት ስማ ሄደች።

ያ ቦታ ድሮ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደንገልና ፊላ የሞላበት ነበር። ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው፤ ወንዙ ከደጋ የሚያወርደው ደለልም ሐይቁ ከመግባቱ በፊት እዚያ ይጣራል። ሰው ደንገሉን አጨደው፣ ዳሩን አረሰው፣ ከብት ረገጠው፤ በመጨረሻ የተሰነጠቀ ጭቃ ሆነ። ፈይሩዛ ዓሣ አስጋሪውን፣ ሰሌን የሚሠሩትን ሴቶችና ከብት አርቢውን አንድ ላይ አስቀመጠች። ለከብቱ ወደ ውሃው የሚወርድበት ሌላ መንገድ አስከፈተችለት፣ ከዚያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የደንገል ችግኝ አስተከለች። የሚጣሉትን ስታስታርቅ፣ የሚለግሙትን ስትቆጣ ያየ ሰው «ይቺስ የአባቷ ልጅ ናት» ይላል። ይኼን ስሰማ አልጠላሁትም።

ችግሩ በጋው ሲመጣ ነው። እኔ ከላይ በኩል ከታር ዳር ሽንኩርት አለማለሁ፤ ከወንዙ በሞተር የምንስብ ሰዎች ደግሞ የውሃ አባት አድርገው የመረጡኝ እኔን ነው። ተራ የማወጣው፣ ጠብ የምዳኘው እኔ ነኝ። የካቲት ላይ ወንዙ ቀጠነ። ሞተሮቻችን ያለውን ጠጡና ከታር ሐይቁን ሳያይ አሸዋ ላይ ቀረ። የፈይሩዛ ችግኝ ቢጫ ሆነ። ያ ከደረቀ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ፤ አምኗት የተከተለው ሰውም ነገ ማጭዱን ያነሣል። ገበያው ደግሞ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያለ በእኔና በእሷ ይሥቅ ጀመር።

እኔ እንድትለምነኝ ነበር የምጠብቀው። መልሴን ሳይቀር አዘጋጅቻለሁ። ምሳ በልታ አጠገቤ ቁጭ ትላለች፣ ታባብለኛለች፣ እኔም ትንሽ አጉረምርሜ «በይ እሺ፣ ለአንቺ ስል የእኔን ሞተር አቆማለሁ» እላታለሁ። አባት አይደለሁም እንዴ!

አንድ አርብ ከጁምዓ ተመልሼ ግቢዬ ጥላ ሥር ቁጭ እንዳልኩ መጣች። ዓሣ አስጋሪው ሙንተሲርና ሁለት ሴቶች አብረዋት አሉ። አራቱም በእጃቸው እርጥብ ቄጠማ ይዘዋል። እኔ ሞኙ ደስ አለኝና ወደ ቤት ተጣራሁ፦

«ፋጡ! ልጅሽ ለወለል ቄጠማ አምጥታልሻለች! ኮቱ ፈይሩዛ፣ ገሊ፣ ነይ ግቢ፣ ምሳው ቀርቧል!»

አልገባችም። የግቢው በር ላይ፣ ፀሐዩ ላይ ቆመች።

«ሀጂ ሰኢድ» አለችኝ። «የውሃ አባት ነዎትና ወደ እርስዎ መጣን። አቤቱታ አለን። ባለሞተሮቹ ይጠሩልን።»

እርስዎ! የገዛ ልጄ! ያን ጊዜ ነው ቄጠማውን ልብ ያልኩት። በእኛ በአርሲዎች ዘንድ እርጥብ ሳር ይዞ ደጅ የቆመ ሰው ሳሩ ሳይጠወልግ መልስ ይሰጠዋል፤ እሱም መልሱን ሳይሰማ የዚያን ቤት እህል አይቀምስም። ልጄ የተማጸነችው አባቷን ሳይሆን የውሃ አባቱን ነው።

ደሜ ፈላ። «የአባትሽ ቤት በር ላይ እንደ ባዕድ ትቆሚያለሽ?» ልላት አፌን ስከፍት ፋጡ ቀደመችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጩኸትህን ኋላ ትጮኻለህ። ሳሩ ፀሐይ ላይ ነው!»

ሰው ላክሁ። ባለሞተሮቹ እያጉረመረሙ መጡ፤ ከሁሉም የባሰው ጎረቤቴ ግዛቸው ነው። ቅድመ አያቶቹ ከሸዋ የመጡ ናቸው፣ እሱ ግን ኦሮምኛ ሲሳደብ ከእኔ ይበልጣል።

«እኛ ወንዙን ምን አደረግነው?» አለ ገና ሳይቀመጥ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እሁድ ሞተር ነክቼ አላውቅም።»

«እኛም አርብ አናስነሣም» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ፈይሩዛ ከበሩ ሳትነቃነቅ ጠየቀችው። «ጋሽ ግዛቸው፣ አርብ አርብስ ሞተርዎ መቼ ይነሣል?»

«ጎህ ሲቀድ ነዋ! እነ ሰኢድ ሲያርፉ ውሃው ደህና ይሞላል።» ሰዉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ።

«እርስዎስ የውሃ አባት? እሁድ እሁድ?»

ሣቄን ትቼ መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። ግዛቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ተጨማሪ ቱቦ እንደምዘረጋ አገር ያውቃል።

«ሁላችሁም ታርፋላችሁ» አለች ፈይሩዛ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ያላረፈው ከታር ብቻ ነው። አርብንም እሁድንም አብራችሁ አሳርፉት፤ ዝናቡ እስኪገባ ብቻ።»

«ሽንኩርቴስ?» አለ ግዛቸው።

«ሐሙስና ቅዳሜ ማታ ያጠጡት። ፀሐይ ስለማይሻማዎት መሬቱ ይጠግባል። ቢጠወልግብዎት ይጥሩኝ፣ ማሳዎ ላይ ቆሜ እከራከርዎታለሁ።»

ግዛቸው ወደ እኔ ዞረ። ምን ሊል እንደነበር አውቃለሁ፤ «ልጅህ ስለሆነች ነው» ሊል ነበር። ግን እንዴት ይበለው? ልጄ ጥላ አጠገብ ቆማ ፀሐይ ይመታታል፣ ምሳዋ ቤት ውስጥ ይቀዘቅዛል። ምሳዬን በልታ በጆሮዬ ብትለምነኝ ኖሮ የእኔ ሞተር ብቻ ይቆም ነበር፤ በሚቀጥለው አርብ ግዛቸው ውሃዬን ይስብ ነበር፤ ቢስብም አይፈረድበትም። እሷ ይህን ሁሉ እኔ ቱልቱላው ሳላስበው አስባዋለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ስዳኝ ያልገባኝን። ኩራቴን እንዳያዩብኝ ሳል አስመሰልኩ።

«ሰኢድ እሁድን ከለቀቀ» አለ ግዛቸው በመጨረሻ፣ «እኔም አርብን ለቅቄያለሁ።»

«ለቅቄያለሁ!» አልኩ። ሌሎቹም ተከተሉ። ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄድኩና እንደ ወጉ ከእጇ የቄጠማውን ግማሽ ተቀበልኩ። ገና እርጥብ ነበር።

«አሁንስ ትብላ!» አለች ፋጡ።

ፈይሩዛ ግን ሐይቁ ዳር ለሚጠብቋት ሰዎች ቶሎ ልንገራቸው ብላ በመጡበት ሚኒባስ ተመለሰች። ፋጡ ልጅቷን ያስራብኳት እኔ እንደሆንኩ ሳምንቱን ሙሉ ነገር ስታበላኝ ሰነበተች።

የመጀመሪያው አርብ ውሃው አልደረሰም፤ የደረቀው አሸዋ ጠጣው። እሁድም አልደረሰም። አንዳንዱ ማጉረምረም ጀመረ፣ ግን ሞተር ያስነሣ የለም። በሁለተኛው እሁድ ፋጡ የቋጠረችውን ምሳ ይዤ ወረድኩ። ግዛቸውም ከቅዳሴ እንደወጣ «ሽንኩርቴ የተጠማለትን ነገር በዓይኔ ልይ» ብሎ ፒካፑን አስነሥቶ አብሮኝ መጣ።

ሰዉ ዳር ላይ ተሰብስቧል። ፈይሩዛ ቢጫው ችግኝ መካከል ጎንበስ ብላ፣ ከክረምቱ የቀረውን ደለል በአካፋ ከቦዩ ትጠርጋለች። ከዚያ ከላይ በኩል መጣ። ቀጭን ነው፣ ቡናማ ነው፣ ከፊቱ ገለባና አረፋ ይገፋል። መጀመሪያ የጮኸው ግዛቸው ነው፦

«ያውና! ያውና የእኔ ውሃ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሙንተሲር ጫማውን አውልቆ ሮጠ። ፈይሩዛ እየተከተለች ከረድፍ ረድፍ መራችው፣ የተዘጋውን ከፈተች፣ የሚያመልጠውን መለሰች፤ ሐይቁ ውስጥ እስኪገባ አልተወችውም። ሲገባ ቀና ብላ አየችው። እኔም እሷን አየኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ሐጅ አድርጌ ስመለስ እንኳ።

ወደ እኔ መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። የምሳ ዕቃውን ስታይ ፊቷ ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የነበረውን ፊት ሆነ።

«አባ» አለችኝ፣ «ራበኝ።»

ያ አርብ ካለፈ ወዲህ አባ ስትለኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ምሳ ዕቃውን ከፈትኩ። እጇ ጭቃ ስለሆነ፣ ሰዉ ሁሉ እያየ በእጄ አጎረስኳት።