የታኩባይ ጫማ

ታኩባይ ጫማዋን ደጅ ብትተወው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ጦጣ አንዱን እግር ጫማ ነጥቋት ወደ ገደሉ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ የሚጎበኘውን የጥንት ዋሻ ልትጠርግ ስትገባ አዲሱን ጫማዋን በብብቷ ትይዛለች። ወደ ዋሻው በጫማ አይገባምና፣ ዘበኛው ናምዴቭ ደግሞ የሚቆልፈው ጫማ አይቶ ነው። ደጁ ላይ ጫማ ከሌለ ውስጥ ሰው የለም። ጭንቅላቱን አስግጎ ማየት ለእሱ ሥራ አይደለም።

የዕድሜዋም ነገር አለ። ጠርጋ ስትጨርስ ከአለቱ ከተፈለፈለው ጉልላት ጀርባ ጋደም አለች። የነቃችው ቁልፉ ቀጭ ሲል ነው። ጉልበቷ ታዝዞላት የብረቱ ፍርግርግ ጋ እስክትደርስ የናምዴቭ ሞተር ብስክሌት ቁልቁል ወርዷል። ጮኸች። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና ከገደሉ ሥር የሚያጓራው ወንዝ ድምፅዋን ዋጠው። ነገ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ዋሻው አይከፈትም። እስከ ማክሰኞ ያለ አንድ ጉንጭ ውሃ።

ግድግዳው ላይ የተሳሉት መኳንንት በጎን ያዩዋታል።

"ምን ታፈጣላችሁ፤ እናንተስ መች ወጣችሁ" አለቻቸው።

ባሏ በሕይወት ሳለ፣ መብራት ሳይገባ፣ በመስተዋት ፀሐይ እየጠለፈ ሥዕሉን ለእንግዳ የሚያሳይ ሰው ነበር። ሲርበው ያንኑ ብርሃን ገደሉን አሻግሮ የወንድሙን ቤት ግድግዳ ሦስት ጊዜ ይመታበታል። ያኔ የወንድሙ ሚስት ቻንድራብሃጋ "ባልሽ ራበው" ብላ ጎረቤቷን ታኩባይን ትጠራለች። ባሏ በሞተ ዕለት ታዲያ ይህችው ሴት በለቀስተኛ ፊት "ወንድማችን ምሳ እንደዘገየበት ሞተ" አለች። ይኸው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። አሁን ምልክቱን የሚያውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ታኩባይ ደግሞ እሷን መጥራት አልፈለገችም።

"ማክሰኞም ሩቅ አይደለም" ብላ ተቀመጠች።

ግድግዳው እየጠበበ የመጣባት መሰላት። ውሃም ጠማት። ፀሐይዋ ከጋራው አንድ ስንዝር ስትቀራት ተነሳች። የምሳ ዕቃዋን ክዳን በሳሪዋ ጫፍ ወለወለችና በፍርግርጉ መሃል አውጥታ ብርሃኑን ከገደሉ ማዶ ወዳለው ቤት ግድግዳ ወረወረች። አንዴ። ሁለቴ። ክዳኑ አዘነበለባትና ብርሃኑ የቤቱ ጣሪያ ላይ ዋለለ። ሦስቴ። ወዲያው ፀሐይዋ ገባች።

ስትጠብቅ ቆይታ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ሞተሩ ሲያቃስት ተሰማት። ናምዴቭ ከኋላው ቻንድራብሃጋን ጭኖ መጣ።

"እማማ፣ ጫማ ሳላይ ሰው አለ ብዬ በምን ልጠርጥር?"

"ዓይንህን ከእግር ከፍ ብታደርግ።"

እሱ ቁልፉን ሲፈልግ ቻንድራብሃጋ በጨርቅ የተጠቀለለ የማሽላ ቂጣ በፍርግርጉ አሾለከች።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለች ታኩባይ።

"ሦስቴ ከመታ ምሳ ነው።"

"በዚህ ሰዓት ምሳ አለ?"

"አንቺ ድሮም ታዘገዪው የለ።"

ታኩባይ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ ግን ቂጣውን ጎረሰችበት። በሩ ተከፍቶም ቆማ ታኝካለች።

"ጨው ያንሰዋል" አለችና ግማሹን ቆርሳ ለቻንድራብሃጋ ሰጠቻት።